እግዚአብሔር ይመስገን ስንት ቁጥር ነው?

ድሮ ሰው ሲታመም ይተኛ ነበር። ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ ይተኛል፤ ጎረቤት አጥሚት በፔርሙስ ይዞ ይመጣል፤ ጠያቂው በርጩማ ላይ ተደርድሮ «እግዜር ይማርህ» ይላል፤ በሽተኛው ዓይኑን ከደን አድርጎ ያቃስታል። ሁሉም ድርሻውን ያውቅ ነበር። የበሽተኛው ድርሻ ማቃሰት ነው። እኔም 74 ዓመት ሙሉ ሌላውን ስጠይቅ ኖሬ፣ ስንት ኪሎ ብርቱካን ተሸክሜ ስንቱን ደረጃ ወጥቼ፣ የመተኛት ተራዬ ሲደርስ ደንቡ ተቀይሮ ጠበቀኝ።

እስቲ በዚያ ሰሞን ተመልከቱኝ፤ ረቡዕ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ሳሎኔ መሀል ቆሜአለሁ። ደረቴን የልብ ምት የሚቆጥር ቀበቶ ጠፍሮኛል። ጣቴን የልብስ መቆንጠጫ የመሰለ ነገር ነክሶታል፤ በደሜ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው እሱ ነው። የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ ክንዴ ላይ እንደ ክታብ ታስሯል። በባለቤቴ ረከቦት ላይ፣ ሲኒዎቹ መሀል፣ ታብሌት ቆሟል፤ በታብሌቱ ውስጥ የልጅ ልጄ የምታህል ፊዚዮቴራፒስት እያጨበጨበች «ጉልበት ወደ ላይ! ጉልበት ወደ ላይ!» ትላለች።

ያውም የምትጠራው እኔን አይደለም። አሜሪካ የሚጠራው የመጨረሻውን ስም ነው፤ የእኔ የመጨረሻው ስም ደግሞ የአባቴ ነው። አባቴ ካረፈ 40 ዓመት አልፎታል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ ረቡዕ ዓርብ፣ ሟቹን ከመቃብር ቀስቅሳ «ሚስተር» እያለች ስፖርት ታሠራዋለች። በሕይወት ሳለ ለገበያ እንኳን ያለ በቅሎ የማይወጣ ሰው ነበር።

ነገሩ የጀመረው አንገቴ ላይ በወጣ ንፍፊት ነው። ሐኪሞቹ ሊምፎማ አሉት፤ ካንሰር ነው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ያ ነገር» ነው የምትለው፤ ከጠራችው ተመልሶ አቤት የሚል ይመስላታል። ከታዘዙልኝ መድኃኒቶች አንዱ እንደ ከርከዴ ሻይ የቀላ ነው፤ ዶክሶሩቢሲን ይባላል። በእኛ በበሽተኞቹ መሀል ያለው ስም ግን «ቀዩ ሰይጣን» ነው። ከወሰዱት በኋላ ሽንት ሳይቀር ቀልቶ ይወጣል። ነርሷ ቀድማ ባትነግረኝ ኖሮ እዚያው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ኑዛዜዬን እናገር ነበር።

የዚህን መድኃኒት የትውልድ አገር የነገረችኝ ልጄ ናት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጣልያኖች በደቡብ አገራቸው፣ አፑሊያ በሚባለው ግዛት፣ ካስቴል ዴል ሞንቴ ከተባለ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ግንብ አጠገብ አፈር ዘግነው ወሰዱ። በአፈሩ ውስጥ ደማቅ ቀይ ቀለም የሚያወጣ ባክቴሪያ ተገኘ፤ ዶክሶሩቢሲን የተገኘው ከእሱ ዘር ነው። የገበያ ስሙም አድሪያማይሲን ተባለ፣ በአድሪያቲክ ባሕር ስም። እንግዲህ ፍረዱኝ። ጣልያን በ1888 ዓ.ም. መጣ፤ አያቶቻችን አድዋ ላይ መለሱት። በ1928 ዓ.ም. በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ገባ፤ አምስት ዓመት ከርሞ ወጣ። በሦስተኛው ግን መንገዱን ቀይሮ በደም ሥሬ መጣ፤ በየሦስት ሳምንቱ፣ ስድስት ጊዜ፣ እኔው ራሴ ክንዴን ዘርግቼለት። በስተርጅና ባንዳ ሆንኩ ማለት ነው።

ሐሰት አልናገርም፤ ንፍፊቱን ጠራርጎ አጠፋው። ግን ጣልያን ሲወጣ ለአገሩ አስፋልት ትቶ ሄደ ይባላል፤ ለእኔ የተወልኝ የደከመ ልብ ነው። መድኃኒቱ የልብ ጡንቻ እንደሚጎዳ የታወቀ ስለሆነ ሐኪሞች አንድ ሰው በዕድሜው የወሰደውን መጠን እየደመሩ ይይዛሉ፤ ጣሪያው ለእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር የሰውነት ስፋት 450፣ ቢበዛ 550 ሚሊግራም ነው። እኔ የወሰድኩት 300 ነው። ከጣሪያው ብዙ ይቀረዋል፤ ዳሩ ያረጀ ልብ በትንሹም ይጎዳል፣ የልብ ጡንቻ ደግሞ እንደ ቆዳ ተልጦ የሚተካ ነገር አይደለም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ልጅነቴን ሙሉ «ልብ ይስጥህ» እያለች ነው የመረቀችኝ። ያን ሁሉ ምርቃት ነው እንግዲህ ለጣልያን ያስበላሁት።

መድከሜን ያወቅሁት ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ደረጃ ነው፤ አምስተኛው ላይ ቆሜ ጫማዬን የማስር መሰልኩ። ሰው ሁሉ «ጫማህ ማሰሪያ የለውም እኮ» እያለኝ አለፈ። ከዚያ በኋላ ነው ልጄ ጎትታ የወሰደችኝ። በአልትራሳውንድ ልቤን አዩት፤ «ኢኮ» ነው የሚሉት። «41 በመቶ» አሉኝ። በእኛ ጊዜ ማለፊያው 50 ነበር። ቤት ገብተን ከባለቤቴ ጋር ተላቀስን። ማግስቱን ልጄ አስረዳችን፤ የሚለካው ልብ አንዴ ሲጨመቅ ከያዘው ደም ምን ያህሉን እንደሚያስወጣ ነው፣ የጤነኛው ልብ ውጤት ራሱ 60 ገደማ ነው፣ መቶ ያመጣ ልብ በዓለም ላይ የለም። ታዲያ ይህ መጀመሪያ አይነገርም? ፈተናው ከስንት እንደታረመ ሳይናገሩ ውጤት ይለጠፋል?

የካንሰሩ ሐኪም «ከካንሰር ነፃ ነህ፤ ይህ የልብ ጉዳይ ነው» አለኝ። የልቡ ሐኪም «ይህ የካንሰሩ መድኃኒት ሥራ ነው» አለኝ። እንደ ጨርቅ ኳስ ሲቀባበሉኝ ከርመው በመጨረሻ ተስማምተው አንድ ነገር አዘዙልኝ። በአማርኛ የተጻፈውን ወረቀት ሳነበው «የልብ ተሃድሶ» ይላል። ተሃድሶ! እኔ ይህን ቃል የማውቀው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው መንግሥት ያፈሰውን ሰው ካምፕ አስገብቶ የሚመክርበት ነው፤ ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያናችን የምታወግዘው ነው። ባለቤቴ ወረቀቱን ስታይ አማተበች።

ተሃድሶው 36 ጊዜ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለ12 ሳምንት። በክትትል ስፖርት መሥራት፣ አመጋገብ ማስተካከል፣ መድኃኒት መቆጣጠር፣ ጭንቀትን ማውራት። ሜዲኬር የሚባለው የሽማግሌዎች መድን የሚከፍለው በዝርዝሩ ውስጥ ለገባ ልብ ነው። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የልቡ ደም ሥር ድንገት ተዘግቶበት የነበረ፣ ደረቱ ተከፍቶ የደም ሥር የተቀጠለለት፣ የልቡ በር የተጠገነለት፣ ሌላ ልብ የተተካለት ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ልቡ የደከመም ተጨምሯል፤ ውጤቱ 35 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ። እኔ 41 ነኝ። ለደረጃው የሚያንስ፣ ለሜዲኬር የሚበዛ ልብ ነው የያዝኩት። ከፍ ያለ ነጥብ አመጣህ ተብዬ ስከለከል በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ካንሰር ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ የለም። ሜዲኬርም እንደ ባለቤቴ ስሙን አይጠራም።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ካንሰርን አልፈው ልባቸው ለአደጋ የተጋለጠ ሰዎች እንደ ልብ በሽተኞቹ ሁሉ ይህን ሥልጠና ያግኙ ብሎ መክሯል። ልጄ ይህን አንብባ ነበር። ማንበቧ ነው ጣጣዬ። ማታ ማታ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ቀን ተኝታ እንቅልፏን መጨረስ ሲገባት ስትፈልግ ውላ አንድ ሆስፒታል ለሙከራ የጀመረውን፣ ቤት ድረስ በታብሌት የሚመጣውን አገኘች። ማዕከሉ ድረስ በመኪና መሄድ በዚያ ቤልትዌይ በሚሉት ቀለበት መንገድ መጨናነቅ አንድ ሰዓት ነው፤ 36 ጊዜ ሄዶ መመለስ፣ ከመኪና ማቆሚያው ክፍያ ጋር። 22 ዓመት ዲሲ ውስጥ ታክሲ ነድቼ ለፓርኪንግ ከፍዬ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ልጄ ይህን ስለምታውቅ አመለጥኩ ብዬ ያሰብኩበትን በር በታብሌት ዘጋችው። ሜዲኬር ሊከፍልላቸው ከሚገባቸው ሰዎች እንኳን ተሃድሶውን የሚጀምሩት ከአራቱ አንዱ ገደማ ናቸው አለችኝ፤ እንዲያሳዝነኝ ብላ። እኔ ሦስቱን አደነቅኋቸው።

ለመሆኑ በሽተኛን ከአልጋ ማን አስነሳው? ይህንንም ጠይቄ ደረስኩበት። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ልቡን ያመመው ሰው አራት አምስት ሳምንት አልጋ ላይ ነበር የሚቆየው፤ የሠለጠነ ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ሌቪንና ላውን የተባሉ ሁለት የቦስተን ሐኪሞች በሽተኞቹን ከአልጋ አውርደው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ የተሻለ ዳኑ። ወንበሩ ላይ ቢቆም ኖሮ ምን ነበረበት! በ1955 ደግሞ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርን ልባቸውን አመማቸው፤ ጃንሆይን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ዋይት ሀውስ የተቀበሏቸው እሳቸው ናቸው። ሐኪማቸው ፖል ደድሊ ዋይት መራመድና ብስክሌት የሚወድ ሰው ነበር፤ አስተኝቶ አልተዋቸውም። ፕሬዚዳንቱ ድነው እንደገና ተመረጡ። ከዚያ ወዲህ ልቡን አመመኝ ብሎ የተኛ ሰው ሰነፍ ሆኖ ቀረ።

በእኛ ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም አለብን፤ አበበ ቢቂላ። የታብሌቷ ልጅ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ስትሰማ «ኦ! ሯጮች!» ብላ ዓይኗ በራ። እኔ ከታክሲ ወርጄ የሮጥኩት ቲኬት ሊቆርጥ የመጣ ፖሊስ ሳይ ብቻ ነው። ግን እውነቷን ነው፤ አበበ እ.ኤ.አ. በ1964 ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ገና ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ማራቶን አሸነፈ፤ አሸንፎም አላበቃም፣ ሣሩ ላይ ወርዶ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ሰው ባለበት አገር ተወልዶ «ደከመኝ» ይባላል? በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላም እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ገብቶ ተሃድሶውን ሠራ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ተወዳደረ፤ በ1971 ኖርዌይ ሄዶ በውሻ በሚጎተት መንሸራተቻ አሸነፈ። ታላቁ የአገራችን ተሃድሶ ሠሪ እሱ ነው። የእኔ ደግሞ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ሲኒ እንዳልረግጥ እየተጠነቀቅሁ።

መሣሪያዎቹ በካርቶን መጡ። ቢጫ ላስቲክ አለ፤ በልጅነታችን እንዲህ ያለ ላስቲክ ብናገኝ ስንት ወንጭፍ እንሠራ ነበር። አሁን በር እጀታ ላይ አስሬ እንደ ላም አላቢ እጎትተዋለሁ። ከሁሉ የከፋው ሚዛኑ ነው። ጠዋት ጠዋት ስወጣበት ኪሎዬን ለእኔ ከመናገሩ በፊት ለሆስፒታሉ ያሳብቃል። በቀን ሁለት ሦስት ፓውንድ፣ ወይም በሳምንት አምስት ፓውንድ ከጨመርኩ ሰውነቴ ውኃ እየያዘ ነው ማለት ነው፤ ነርሷ ትደውላለች። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ጆሮ ጠቢ አይቻለሁ፤ እንደዚህኛው ያለ አላየሁም። የፋሲካ ማግስት ሦስት ፓውንድ ጨመርኩ። ስልኩ ጮኸ። «ምን ተበላ?» ዶሮ ወጥ በእንግሊዝኛ ምን ተብሎ ይነገራል? «ዶሮ» አልኩ። «ዶሮ ጥሩ ነው» አለች። ጨው ውስጡ ስንት እንደሆነ ስትጠይቀኝ ግን ባለቤቴን አየኋት፤ ባለቤቴ ጣሪያውን አየች።

ስድስት ደቂቃ መራመድ የሚባል ፈተናም አለ። ኮሪደሩን ልጄ 30 ሜትር ለክታ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጠፈች፤ ከፕላስተር ፕላስተር ስመላለስ ስድስት ደቂቃ ይሞላል፤ የሄድኩት ሜትር ይጻፋል። የመጀመሪያው ቀን 310 ሆነ። በአራተኛው ዙር የጎረቤቴ በር ተከፈተ፤ ሴትየዋ ቤቱ የጠፋበት ሽማግሌ መስያት እጄን ይዛ ወደ ሊፍቱ ወሰደችኝ። እሷን አስረድቼ እስክመለስ ሰዓቱ እየቆጠረ ነበር። 310 የተባለው እንዲህ ሆኖ ነው፤ ይመዝገብልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልምጣ፤ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ማሟሟቂያ ነው፤ ልጅቷም ማሟሟቂያ ሳይኖር ሥራ የለም ትላለች።

ጉናር ቦርግ የሚባል ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። ሰው ሲደክም ምን ያህል እንደደከመው በቁጥር እንዲናገር መለኪያ አወጣ። ከ6 ይጀምርና 20 ላይ ያበቃል። ለምን ከ6? ዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ሰው ልቡ በደቂቃ 60 ያህል ስለሚመታ፣ ሲያልቅለት ደግሞ ወደ 200 ስለሚደርስ፣ አንድ ዜሮ ቀነሱለት። የእኛ ሰዓት ንጋት ላይ አንድ ብሎ ስለሚጀምር 22 ዓመት ሙሉ የሳቁብኝ ሰዎች ቁጥር ከስድስት ሲጀምሩ ማን ይሳቅባቸው? ለእኔ የተፈቀደው 12 እና 13 ነው፤ «ትንሽ ከበድ ያለ» ማለት። ቃል ማውጣት ይቻላል፣ ዘፈን ግን አይወጣም። ዘፈንማ ድሮም አይወጣልኝ።

ቀበቶው የልብ ምቴን እየቆጠረ የእኔ ቃል ለምን አስፈለገ ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ አናደደኝ፤ ትክክል ስለሆነ። ለልቤ የታዘዘልኝ መድኃኒት ምቱን ያዝ የሚያደርግ ነው። እኔ ነፍሴ ልትወጣ ስትደርስ ቀበቶው 96 ብሎ በሰላም ይቀመጣል። ያ ሁሉ ዕቃ ተደርድሮ፣ ስንት መቶ ማይል ሽቦ አልባ መስመር ተዘርግቶ፣ በመጨረሻ ምስክሩ እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ሐሰተኛ ምስክር ነኝ።

ሕክምና ስለሆነ አስተርጓሚ የግድ ነው ተብሎ አንድ ልጅ በስልክ መስመር ገብቷል። ትሑት ነው። ስሙን ስጠይቀው ቁጥሩን ነገረኝ፤ ስም መናገር አይፈቀድላቸውም። ጉልበቴን ሦስት ደቂቃ ካነሳሁ በኋላ ልጅቷ ጠየቀች።

«ጋሼ፣ ድካምዎ ስንት ደርሷል ትላለች።»

«እግዚአብሔር ይመስገን በላት።»

ተነጋገሩ። «ጋሼ፣ ብያታለሁ። እሱ ስንት ቁጥር ነው ትላለች።»

«ደህና ነኝ በላት።»

«ደህና የሚለውም ወረቀቱ ላይ የለም ትላለች።»

«እንግዲያው ስድስት።»

ዝም አለ። «ጋሼ፣ ስድስት ማለት አልጋ ላይ ተጋድሞ ማለት ነው። ላብዎ በካሜራ ይታያታል።»

ላብማ ይታያል። ግን ምን ልበል? እኛ ዘንድ «እንዴት ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ከጥያቄው በፊት የተዘጋጀ ነው። አባቴ ሊያርፍ ሦስት ቀን ሲቀረው ጠያቂ መጣበት። ከንፈሩ ደርቋል፣ እግሩ አብጦ ሱሪው አልገባ ብሏል። «ደህና ነኝ፤ ትንሽ ብርድ ነው» አለ። እንግዲህ አሁን በእሱ ስም እየተጠራሁ «አሥራ ስድስት» ልበል? ያውም ሐበሻ እየሰማ! ልጁ ቁጥር እንጂ ስም የለው፤ የማን ልጅ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ማታ ጆርጂያ አቬኑ ካርታ የሚጫወቱት ጓደኞቼ «እሱማ ሳሎኑ ውስጥ አሥራ ስድስት ገባ» ብለው እድር ሊሰበስቡልኝ ይችላሉ።

ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስድስት ነበርኩ። ልጅቷም ስድስት ላለ ሰው የሚገባውን አደረገች፤ ሥራ ጨመረች።

በአራተኛው ሳምንት ረቡዕ ቀን ነው። ረቡዕ ጾም ነው፤ እህል አልቀመስኩም፣ ይህንንም ለማንም አልተናገርኩም። የግፊት መድኃኒቴን ግን በባዶ ሆዴ ውጫለሁ። ልጅቷ «ስንት?» አለች። «ስድስት» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ መስኮቱ ወደ ጎን ዞረ። መጋረጃ ያዝኩ። መጋረጃው ከነብረቱ መጣ፤ ብረቱ ረከቦቱን መታ፤ ታብሌቱ በአፍጢሙ ተደፋ፤ ሲኒዎቹ እንደ ደወል ጮኹ። እኔ ምንጣፉ ላይ ነኝ። ባለቤቴ «ማርያም! ማርያም!» ትላለች። ታብሌቱ ከሥር ሆኖ የአባቴን ስም ይጣራል። አስተርጓሚው፣ ምን ይበል ልጁ፣ ማንም ሳያዘው የባለቤቴን ጩኸት እየተረጎመ ነበር።

አድራሻችን ሆስፒታሉ ዘንድ ተመዝግቦ ኖሯል፤ ለዚሁ ነው መጀመሪያ ቀን ሲጠይቁኝ ያኮረፍኩት። ደቂቃም አልቆየ፤ በር የሚያህሉ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሳሎኔን ሞሉት። ግፊቴ ወርዶ ነው፤ ሌላ ነገር አልተገኘም። ባለቤቴ ሰዎች ቤቷ ገብተው ባዶ አፋቸውን ሊወጡ ነው ብላ ቡና ላፍላ አለች። ሲኒ የለም። በውኃ ብርጭቆ ቀዳችላቸው፤ አንዱ ደግሞ ደገመ።

ዓርብ ዕለት መስመር ላይ ስንገናኝ ልጅቷ አልተቆጣችም። መቆጣቱ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ከዚህ ሆኜ ልይዝህ አልችልም። እጄ ውስጥ ያለው የምትነግረኝ ቁጥር ብቻ ነው» አለች። አስተርጓሚው ይህን በሚገባ ተረጎመው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ደንቡን ጥሶ መሆን አለበት፣ የራሱን ጨመረ፤ «ጋሼ፣ እኔ ለማንም አልናገርም እኮ።»

ያን ቀን ጉልበቴን ሦስት ደቂቃ አነሳሁ። «ስንት?» «ይመስገን... አሥራ አምስት።» ልጅቷ «ቀንስ፣ ቁጭ በል» አለችኝ። ቁጭ በል! ለዚህ ቃል ነው እንግዲህ አንድ ወር ሙሉ የተሰቃየሁት። አሥራ አምስት ማለት ቁጭ እንደሚያስብል አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ከመጀመሪያው ቀን ሃያ እል ነበር። የንስሐ አባቴም ነገሩን ሲሰሙ «በሽተኛን ማን ጹም አለው?» ብለው ገሠጹኝ። ሁሉም ሰው እኔን ለመገሠጽ ተራ ይዞ ነው የቆየው።

12ቱ ሳምንት አለቀ። ኮሪደሩ ላይ 310 የነበረው 385 ሜትር ሆነ፤ ጎረቤቴ በሯን ከፍታ እያጨበጨበች ነው የጨረስኩት። ኢኮው 41 የነበረው 46 አለ። የልብ ሐኪሙ ምስጋናውን ለመድኃኒቱ ሰጠ፤ ፊዚዮቴራፒስቷ ለስፖርቱ፤ ባለቤቴ ለጸበሉ። እኔን ያመሰገነ የለም። የቤተ ክርስቲያኑን 12 ደረጃ ሳልቆም ወጣሁት፤ ጫማዬም ደህና ነው።

አንድ ጣጣ ግን ቀረ። አዲስ አበባ አንድ አብሮ አደግ አለኝ። እሱም ያንኑ ቀይ መድኃኒት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው የወሰደው። የሚኖረው ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ታሪኬን በስልክ ስነግረው ሲስቅ ሲስቅ ቆይቶ ዝም አለ። «እኔም እኮ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ልቤ ድው ድው ይላል» አለኝ።

«ለሐኪምህ ነግረሃል?»

«ምን ብዬ? ከካንሰር አዳናችሁኝ፣ ደረጃ ግን ከበደኝ ልበል? ያሳፍራል።»

ጮህኩበት። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ላይ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። «ነገ ሄደህ ንገር፤ ኢኮ ተነሣ!» ሦስት ሳምንት ፈጅቶ ሄደ፤ ተነሣ። መድኃኒት ጀመሩለት፤ ቀስ እያልክ ተንቀሳቀስ አሉት። ቀስ ማለት ስንት እንደሆነ ግን የነገረው የለም። ታብሌት የለው፣ ቀበቶ የለው፣ የሚያሳብቅ ሚዛን የለው። ስልክ አለው።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ በቴሌግራም እደውልለታለሁ። ስልኩን ጀበናው ላይ ያስደግፈዋል። ሐኪሙ የፈቀደለትን ያህል ከወንበር ይነሣል፣ ይቀመጣል፤ እኔ ሰዓት እይዛለሁ፣ አጨበጭባለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጠየቅሁት።

«ስንት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እሱ ቁጥር አይደለም!» አልኩት። የማን ድምፅ እንደሆነ ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ስትስቅ ነው የገባኝ።

«በቃ ስድስት በለው» አለኝ። ላቡ በግንባሩ ሲወርድ በስልኩ ይታየኛል።

የፊታችን ቅዳሜም እደውላለሁ። ስድስት ካለኝ ለሚስቱ ነው የምናገርበት።